ፋጉሎው ውስጥ የቀረው

ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ቅራሪን ያውቃል። የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ ኋላ ይጠቅመዋል። ጋኑ የመጀመሪያውን ጠላ፣ ያንን እንግዳ የሚከበርበትን፣ ሰጥቶ ሲያበቃ የቀረው ድፍድፍ አይደፋም። ውኃ ይጨመርበትና ይተዋል። ከዚያ እንደገና ይቀዳል። እርግጥ ቀጠን ይላል፤ ለሠርግ አይቀርብም። ግን ጥም ይቆርጣል፤ አጨዳ የዋለ ደቦኛም አይንቀውም። እናቶቻችን ይህን ሲያደርጉ አንድም ሰው ሳይንስ ነው ብሏቸው አያውቅም። እኔ ግን አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ የተማርኩት ይህንኑ ነው።

አትሳቁ፤ የምሬን ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ካረጀ የነዳጅ ጉድጓድ ቀሪውን ዘይት ስለማውጣት ነበር። ብዙ ሰው ነዳጅ ከመሬት በታች እንደ ጣና ተንጣሎ የተኛ ይመስለዋል። አይደለም። ድንጋዩ ውስጥ ነው ያለው፤ ኑግ ውስጥ ዘይት እንዳለ ሁሉ። ጉድጓዱ መጀመሪያ ሲከፈት ዘይቱ በራሱ ግፊት ይወጣል፤ ባለቤቱም ይፈነድቃል። ከዓመታት በኋላ ግፊቱ ይደክማል። ዘይቱ ግን አላለቀም፤ ብዙው ድንጋዩን ሙጥኝ ብሎ እዚያው ቀርቷል። ያኔ አንዱ ትቶት አዲስ ጉድጓድ ፍለጋ ይሄዳል። ብልሁ አሮጌው ላይ ይለፋል። በአንድ በኩል ውኃ እያስገባ ዘይቱን ወደ ሌላኛው ጉድጓድ ይገፋዋል፤ እምቢ ሲለው እንፋሎት ለቆ ያቀጥነዋል፤ ሲብስበትም ሳሙና መሰል ነገር ልኮ ከድንጋዩ ያላቅቀዋል። ፈረንጅ ረጅም ስም ሰጠው እንጂ ቅራሪ ነው።

ይህን ሁሉ ተምሬ በመምህርነት የተመደብኩት ብቸና ነው። ብቸና ነዳጅ የለም።

እንዴት እዚህ ደረስክ ብላችሁ ባትጠይቁኝም እነግራችኋለሁ፤ አመሌ ነው። በተመረቅን ዓመት ውጭ አገር ሄደው የሚማሩ ሰዎች ስም ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ሐሙስ ዕለት ስሜ ነበረበት። ሰኞ ስመለስ በስሜ ቦታ የአንድ የክፍል ጓደኛዬ ስም ተቀምጧል። የጓደኛዬ አጎት ደግሞ ያንን ሰሌዳ ከሚለጥፉት ሰዎች ጋር ምሳ የሚበላ ሰው ነበር። ቢሮ ገብቼ ብጠይቅ፣ ጸሐፊው ቀና ሳይል «የሐሙሱ የታይፕ ስህተት ነው» አለኝ። ስንት ዓመት የለፋሁበት ስሜ የታይፕ ስህተት ሆኖ ቀረ። ይህም ሳያንስ ያ ጓደኛዬ ሊያነበው ተውሶኝ የነበረውን ጽሑፌን እንደያዘ ሄደ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ብቸና አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ቀና ስል ቴሌቪዥን ውስጥ አየሁት። ወፍሯል። ስላረጁ ጉድጓዶች ያስረዳል። ከኋላው አንድ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ሥዕሉ የእኔ ነው። በምን አወቅህ በሉኝ። ጽሑፌን ካስረከብኩ በኋላ ያየኋት አንዲት ስህተት ነበረች፤ የውኃውን መግቢያ የምታሳየውን ቀስት ወደ መውጫው አዙሬ ስያታለሁ። ቀስቷ አሁንም እንደዞረች ነበረች። ሰው ይሰርቃል፤ ዓለም ነው። ግን የሰረቀ ሰው እንዴት ስህተቷን እንኳ አያርምልኝም?

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔም አልረሳሁም፤ ሌላውም እንዳይረሳ ተግቻለሁ። ይህን ታሪክ በሰርግም በልቅሶም፣ በአውቶቡስም በፈተና ማረሚያ ጠረጴዛም ተናግሬዋለሁ። የመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ ቀስቷ ጋ ስደርስ የሂሳብ መምህሩ ቀድሞኝ ይጨርሰዋል፤ እንደኔ ያህል ያማረ ግን አያደርገውም። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ሲባል ሰዎቹ ወደ እኔ የሚያዩት ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም።

እንግዲህ አምና ታኅሣሥ ላይ፣ እትዬ ጥሩወርቅ ከሞጣ ደወሉልኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው። ባላቸው ሲያርፉ አንድ አሮጌ የዘይት መጭመቂያ መኪና ትተውላቸዋል። ጠመዝማዛው ብረት ኑጉን እየገፋ ወደ ጠባብ አፍ ይወስደዋል፤ ዘይቱ በጎን ይንጠባጠባል፤ ፋጉሎው፣ ተጨምቆ የቀረው የኑግ ቅሪት፣ በአፉ ይወጣል። ሌላ ጥበብ የለውም። በዚያ ቤት ከባላቸው ጊዜ ጀምሮ የኖረ ደንብ ነበር፦ ገበሬው ኑጉን ያመጣል፣ ዘይቱን አንድ ጠብታ ሳይጎድል ይዞ ይሄዳል፣ ፋጉሎው ለመኪናው ባለቤት ይቀራል። ክፍያው እሱ ነው። ፋጉሎውን ሰንጋ የሚያደልቡ ሰዎች ገዝተው ይወስዱታል፤ እትዬ ጥሩወርቅም በዚያ ይኖራሉ። እናንተ ይህችን ደንብ ልብ በሉልኝ። እኔ ልብ አላልኳትም።

«ወንድምዓለም» አሉኝ በስልኩ፣ «አንተ ዘይት አልነበር የተማርከው?»

«የድንጋይ ዘይት ነው እትዬ።»

«ከድንጋይ ያወጣህ ከኑግ ያቅትሃል? መናኸሪያው አጠገብ አዲስ መኪና ተክለው ገበሬዬን ወሰዱብኝ። ያ ከአንድ ኩንታል ኑግ ብዙ ዘይት ያወጣል፤ የእኔ እያዛጋ ጥቂት ይሰጣል። ኑገኛው ከቀረ ፋጉሎው ከየት ይመጣል? እስከ ጥምቀት ካልተስተካከለ ነቅዬ ለቁራሌው ነው የምሰጠው።»

ቁራሌው የአሮጌ ብረት ገዢው ነው። ከቁራሌው በኋላ ደግሞ እትዬ ጥሩወርቅ እኛ ቤት ብቸና መጥተው ጥገኛ ሊሆኑ ነው፤ እሱን እሳቸውም አላሉትም፣ እኔም አላልኩትም። በዚያች ሴት ዘንድ የሰው እጅ ማየት ከሞት አይሻልም።

እኔ ግን እውነቱን ልናገር? ጭንቀታቸውን እየሰማሁ ልቤ ይጨፍር ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ የተማርከውን ንገረኝ ያለኝ ሰው እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው።

መንገዱ ክፍት በሆነበት አንድ ሳምንት፣ ተማሪዎቼን ፈትኜ፣ በደብረ ወርቅ አድርጌ ሞጣ ገባሁ። ጃኬቴን ሳላወልቅ ፋጉሎውን አንሥቼ በመዳፌ መካከል አሸሁት። መዳፌ አብረቀረቀ። «እትዬ! ዘይትዎ እዚህ ነው ያለው!» ብዬ ጮህኩ። ዓለት ውስጥ የቀረውን ዘይት በወረቀት ብቻ የማውቅ ሰው፣ ያን ዕለት ቀሪ ዘይትን በእጄ ዳሰስኩት።

አንድ ሳምንት ሙሉ ሠራሁ። ታቹን የበሳሁትን በርሜል በሚፈላ ውኃ ላይ አስቀምጬ ኑጉን በእንፋሎት አሞቅሁት፤ ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ሲቀጥን ይወጣል። የመኪናውን አፍ የሚያጠብቀውን ብሎን አንድ ሰው ሊፈታው እስከማይችል አጠበቅሁት። የወጣውን ፋጉሎ ደግሞ ሰባብሬ ለሁለተኛ ጊዜ መለስኩት። እትዬ ጥሩወርቅ መኪናውን ራሳቸው ያስነሣሉ፣ ራሳቸው ያጠፋሉ፤ እኔ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ እንዲህ ይሁን፣ እንዲያ ይሁን እላለሁ። ጀሪካኑ ሲሞላ የገበሬው ዓይንም አብሮ ሞላ። ገበያ ወሬውን ወሰደው። በሳምንቱ መጨረሻ ኑግ የጫነ አህያ ከበሩ እስከ መንገዱ ተሰለፈ። «ኢንጂነር» አሉኝ። እኔም «ኧረ መምህር ነኝ» አላልኩም።

ብቸና ተመልሼ ማረፊያ ክፍል ውስጥ አዲስ ታሪክ ተናገርኩ። የሂሳብ መምህሩ መጨረሻውን አያውቀውምና ዝም ብሎ ሰማኝ። ጥምቀት አለፈ፤ ቁራሌው ባዶውን ሄደ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ያንን ቦታዬን የወሰደብኝን ሰውዬ እንኳ ሁለት ሳምንት ሙሉ አላነሣሁትም።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል እትዬ ጥሩወርቅ እንደገና ደወሉ። ንግግራቸው አጭር ነበር።

«ፋጉሎው በሩን ዘጋው። ና።»

ቅዳሜ ደረስኩ። እውነትም ዘግቶታል። ከረጢቱ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ የሚወስደው ጠፍቶ። ከከረጢቶቹ በአንዱ ላይ አያ ሞላ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። አያ ሞላ ለፋሲካ ሰንጋ በማድለብ የታወቁ፣ ከዚህ ቤት ፋጉሎ መውሰድ ከጀመሩ ሃያ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ሰላምታዬን ተቀበሉና አንድ ስባሪ አነሡ።

«ኢንጂነሩ አንተ ነህ?»

«ይሉኛል፣ አያ ሞላ።»

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ፋጉሎ ነው።»

«ፋጉሎስ አውቃለሁ። ይኸ ገል ነው፤ የተሰበረ ማሰሮ። በሬዬ አንዴ ላሰውና ቀና ብሎ አየኝ። በሬ ሰውን ሲታዘብ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላየሁም።»

«እኔ አየሁ።»

አስተማሪ ሲጨንቀው ማስተማር ይጀምራል። «አያ ሞላ፣ የወጣው ዘይቱ ብቻ ነው፤ ፕሮቲኑ እኮ አልተነካም» አልኳቸው።

«ፕሮቲኑን አንተው ብላው» አሉኝ። «የእኔ በሬ የለመደው በቅባቱ ነው። መናኸሪያው ጋ ያለውም እንደዚሁ ድርቅ ያለ ነው፤ እዚያ የማልሄደው ለምን ይመስልሃል? እኔ ሃያ ዓመት ወደዚህ ቤት የተመላለስኩት የእመቤቲቱ መኪና ሰነፍ ስለሆነ ነው።»

እዚህ ላይ ጥቂት ልቁም፤ እኔም ያኔ ቆሜያለሁና። ፋጉሎው ውስጥ የቀረው ዘይት ጠፍቶ የቀረ መስሎኝ ነበር። ጠፍቶ አልነበረም። የእትዬ ጥሩወርቅ ድርሻ ነበር። ባላቸው ያንን ደንብ ሲያወጡ ሰነፍ መኪና እንዳላቸው ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ ለገበሬው ዘይቱ፣ ለቤቱ የመኪናው ስንፍና። እኔ በእንፋሎትና በብሎን፣ በሳይንስ ስም፣ ከሴትዮዋ ድርሻ ላይ ጠብታ ሳላስቀር አንጠፍጥፌ ለሌላ ሰው ጀሪካን ገለበጥኩት። ገበሬው መረቀኝ። እሳቸው ገል ታቀፉ። ኑገኛው ሳይመጣ ከሚዘጋው ቤት ይልቅ፣ ኑገኛው ተሰልፎ የሚዘጋው ቤት አይብስም?

አያ ሞላ «ልብ ይስጣችሁ» ብለው ወጡ። እትዬ ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆመው ሲሸኟቸው ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

«ያ ያንተ ሰውዬ» አሉኝ፣ «ቦታህን የወሰደው… እያወቀ ነው የወሰደብህ?»

«እያወቀ ነው እንጂ!» አልኩ፤ ሃያ ዓመት የሠለጠንኩበት መልስ ነው።

«አንተስ የእኔን?»

«እትዬ! በማርያም! በምን አውቄ! ሳላውቅ ነው እንጂ።»

«ደግ» አሉ። «ፋጉሎው ግን ልዩነቱን አላወቀውም።»

እዚያው ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ። ያንን ሰውዬ ከዚያ በፊት ሺህ ጊዜ ረግሜዋለሁ፤ አንድ ቀን ከእሱ ጋር በአንድ ወንበር እንቀመጣለን ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

ከዚያ በኋላ ዘዴውን ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ላመጣ አልቻልኩም። «አባቴ» አሉ፣ «ስንዴ ሲያጭድ ዳር ዳሩን ይተው ነበር። ለምን ትተዋለህ ሲሉት፣ ለቃርሚያ ይላል። ቃራሚ ከኋላው ባዶ እጁን ሲመለስ ማየት አይወድም። እዚህ ቤት ቃራሚዋ እኔ ነኝ። ዳሩን ተውልኝ።»

ተውንላቸው። እንፋሎቱ እንዲቀር አልፈለጉም፤ ገበሬው ከድሮው የተሻለ ያግኝ አሉ። ሁለተኛው ዙር ግን ቀረ። የቀረችው ጥያቄ ብሎኑ ምን ያህል ይላላ የሚለው ነበረች። እኔ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። አያ ሞላ ግን ወሬውን ሰምተው በሬያቸውን እየነዱ መጡ፤ ግቢው ውስጥ አሰሩት። ብሎኑን ሩብ ዙር አላልተን ጨመቅን፤ በሬው ላሰና ፊቱን መለሰ። ሌላ ሩብ አላላን፤ ጥቂት ቆረጠመና ቆመ፤ ለወጉ ያህል የቀመሰ ይመስላል። ሦስተኛው ላይ ጆሮውን ጣል አድርጎ አንገቱን ቀረቀረ፣ ዕቃውን ላሰና እኔን ገፋኝ።

«በቃ!» አሉ አያ ሞላ፣ «እዚያው ላይ አቁመው!»

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብዙ መለኪያ አይቻለሁ። እንደዚያ በሬ ያለ አላየሁም።

እትዬ ጥሩወርቅ ለገበሬዎቹ አልደበቁም። በሩ ላይ ቆመው ለመጣው ሁሉ ተናገሩ፦ ዘይቱ ከድሮው ይበልጣል፣ በጥር ከወጣው ትንሽ ያንሳል፣ ፋጉሎዬ ቅባት ይፈልጋል፣ የማይስማማው መናኸሪያው ጋ ይሂድ። ጥቂቱ ሄደ። አብዛኛው ቀረ። ከቀሩት አንዱ አህያውን እያራገፈ «እኔም እኮ ቤቴ በሬ አለኝ» ሲል ሰማሁት። የከረመውን ገል ቀስ በቀስ ከአዲሱ ጋር እየደባለቁ ጨረሱት። ቁራሌውም በዚያ በር ሲያልፍ ድምፁን ከፍ ማድረግ ትቷል ይባላል።

ልነሣ ስል እትዬ ጥሩወርቅ የጥፍር ቀለም ይዘው መጡ፤ ከልጃቸው የተረፈ፣ ቀይ። «ብሎኑ የት ላይ እንደሚቆም ምልክት አድርግልኝ። ወዴት ሲዞር እንደሚላላም ቀስት ሳልበት፤ ነገ ሌላ ኢንጂነር መጥቶ እንዳያጠብቅብኝ።»

ቀስት። ብሩሿን ይዤ ብረቱ ፊት ተንበረከክሁ። ከመሳሌ በፊት ብሎኑን ሦስት ጊዜ አላልቼ አጠበቅሁት፤ ከሳልኩ በኋላም ሁለት ጊዜ። ትክክል ናት። ሞጣ የሄደ ሰው ሊያያት ይችላል፤ የአንድ ጣት ቁመት ያላት ቀይ ቀስት ናት፤ እንደ ሳላት ሰው ብዙም ቀጥ ያለች አይደለችም፣ ግን ወዴት እንደምታመለክት ታውቃለች።

ስመለስ አንዲት የኑግ ዘይት የሞላች ጠርሙስ ጭኔ ላይ ይዤ አውቶቡሱ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ወደ ደጀን የሚሻገር ወጣት የጤና ባለሙያ ነበር፤ ከሩቅ አገር የተመደበ፣ ወሬ የሚወድ። ደብረ ወርቅን ሳናልፍ ጠየቀኝ። ሁሌም ደብረ ወርቅን ሳናልፍ ይጠይቁኛል።

«ጋሼ፣ ምን ነበር የተማሩት?»

ካረጀ ጉድጓድ ሃያ ዓመት ስቀዳ እንደኖርኩ የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል። የነዳጅ ባለሙያዎች አንድ የሚያውቁት ነገር አለ፦ ውኃ እየተገፋበት የቆየ ጉድጓድ በመጨረሻ የሚያወጣው አብዛኛው ውኃ ነው፤ ዘይቱ መሐል መሐል ላይ ብልጭ ይላል። ግን ልማድ ነውና ጀመርኩለት። ስለ ሐሙሱ ነገርኩት። ስለ ሰኞው ነገርኩት። የታይፕ ስህተቱ ጋ ስደርስ ልጁ ከልቡ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ከዚያ በፊት እዚያ ቦታ ላይ ስቄ አላውቅም።

«ከዚያስ?» አለኝ።

«ከዚያማ ሞጣ ላይ ኑግ ጨመቅን» አልኩትና ጠርሙሷን አሳየሁት።

ስለ ቴሌቪዥኑ ሥዕል አልነገርኩትም። ይቅር ብዬው እንዳይመስላችሁ፤ ያንን ያህል አልተቀደስኩም። ለራሴ ያስቀረሁት ነው። ሰውም ቢሆን ጨርሶ ተጨምቆ ከደረቀ በሬ እንኳ አይልሰውም።